ሦስት ጓጉንቸር

ስንወጣ ዐሥራ ዘጠኝ ነበርን፤
"ቅዳሴ በአማርኛ? ሞተን!" ብለን ማልን፤
ግእዙን እንደ ሕፃን በጉያችን ሸሽገን
ከሳሙና በር ወርደን፣ ወፍጮ ቤት ጀርባ ገባን።

ኪራዩን ይርሳው ቻለ፤ አግዳሚ ትርንጎ አመጣች፤
ክፍሏ በጤፍ ብናኝ ከነጠላችን ነጣች።

ጰራቅሊጦስን አለፍን። ከዚያ ከበሮ መጣ፤
"ይመታ" አለ ግማሹ፣ ግማሹ ተቆጣ።
ከዚያ የጳጳሱ ስም፦ ይነሣ ወይስ ይቅር?
(ሮማ መኖራችንንም ሰምታ አታውቅም ነበር።)

ግንቡን ያስገነባው ንጉሥ
አባቶቻችንን አሳደደ ይባላል።
እኛን ማን አሳደደን?

ይርሳው በሩን ቆለፈ። ትርንጎ ደርባ ቆለፈች።
ሦስተኛው ጓጉንቸር የኔ ነው፤
በምን እንደተጣላሁ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣
ቁልፉን ሳገኝ ነገሩ ይጠፋኛል።

ማክሰኞ፣ ዜማ ያስቀጸሉን መምህር ዘገየ ዐረፉ።
ሳጥኑ ደጅ ላይ ቆየ፣ ዱቄት እየወረደበት፤
ይርሳው በባጃጅ ከአዘዞ እስኪደርስ፣
ትርንጎ ቁልፏን ከመቀነቷ እስክትፈታ፣
እኔ ኪሴን ስዳብስ።

ቄሱ ጥለውን ከሄዱ ቆይተዋል፤
ጸሎቱን ራሳችን በግእዝ ጀመርን፣
ሦስት ድምፅ፣ አንድ ዜማ።
መሐል ላይ ትርንጎ "ወይኔ አባቴ!" አለች፣
በአማርኛ።
ማንም አላረማት።

ከቀብር መልስ በየተራ ቆለፍን።
የኔ ዝጎ ነበር፤
ማንም ሳያየኝ ዘይት ጠብ አደረግሁበት።