የጉሎ ፍሬም

የድሮው መነጽሬ ሽቦው ዝጎ ዝጎ፣
ነከሰኝ አፍንጫዬን አረንጓዴ አድርጎ።
ከኮምቦልቻ ወጣሁ፣ ሐረጎ ጉም ለብሶ፣
ሚኒባሱ ሲያዘግም መብራቱን ለኩሶ።
ለሰው የዛሬ ጉም ነው፤ ለኔ ግን ዘወትር፣
ጠራ በተባለ ቀንም ያው ነበር ምድር።

ደሴ፣ ፒያሳ፣ ይመር ጋ፣ መስታወት ፊት ቆምኩ፤
"ሞክረው" ሲል ሰጠኝ፤ ቀለለኝ፣ ጠረጠርኩ።
"ፕላስቲክ ነው?"
"አዎ፣ ነው፤ ግን ከነዳጅ አይደል፣
ከጉሎ ዘይት ነው፣ ካጥር ስር ከሚበቅል።"

ጉሎ?
ክረምት በመጣ ቁጥር በገጀራ የምጥለው፣
ፍየሏ አሽትታ ትታው የምትሄደው፣
"ፍሬው መርዝ ነው" እያልኩ ልጅ የማስፈራራበት፣
ጦይባ እርጥብ ልብሷን የምታሰጣበት?

ዋጋውን ሲነግረኝ ሳቄ መጣ ድንገት፤
ስንት ዓመት ቆርጬ ጣልኩ የዚህን ያህል ሀብት!

ማታ ቦርከናን ተሻግሬ፣ ከደጄ ስደርስ፣
ገጀራው በር ላይ ነው፣ ጠዋት የሳልኩት።
ቅጠሉን አየሁት፤ ጣት አለው እንደ እጅ፣
ደም ስሩ ቀላ ያለ፤
ስቆርጠው ኖሬያለሁ፣ አይቼው አላውቅ እንጅ።

"ምንድን ነው ፊትህ ላይ?" አለች ጦይባ ወጥታ።
"ፍሬም ነው፣ የጉሎ።"
"ፍሬማ ሞልቶናል!" አለች፣ አጥሩን አይታ።