እጅ ከፍንጅ

ጀንበር በዘጠኝ ሰዓት ኦውሉ ላይ ጠለቀች፤
ካርዴን ደረቴ ላይ ሰካኋት፤ በራች፤
ትንሽ አረንጓዴ፣ ከአዝራር የማትበልጥ፣
ከአልኮል ጠብታ ሌላ ቋንቋ የማታደምጥ።
ያልታጠበ እጅ ይዤ አልጋ ከተጠጋሁ
ቀልታ ትጮኻለች፤ እጅ ከፍንጅ ተያዝሁ።
በር ላይ አንድ ዓይን አለ፣ አልጋ ራስጌ አንድ፣
ከሳሙናው ዕቃ ሥር ደግሞ ሌላ ዘመድ።
ሦስቱ ይማከራሉ፤ ወር ሲሞላ ስማችን
ከነመቶኛው ተሰቅሎ ይጠብቃል ሻይ ክፍላችን፦
ራይሞ፣ ዘጠና ስምንት።
ቱይሬ፣ ሥልሳ አንድ።

ቱይሬ እኔ ነኝ።

ራይሞን አውቀዋለሁ፤ ሲያልፍ በክርኑ
ጫን ያደርገዋል፤ ጠብታው ወለል ላይ፤
«አንድ» ይላል ማሽኑ።
የእኔን እጅ ተመልከት፤ ውርጭና አልኮል አርሰውት
በየትልሙ ደም አለ፤ ጠብታዋ ስታርፍበት
ቅንድቤ ብቻ ነው ሕመሙን የሚያውቅለት።

ሰባተኛው አልጋ ላይ ታውኖ፣ ዓሣ አጥማጁ፣
አርባ ዓመት መረብ ስቦ ገመድ የሆነ እጁ፣
ሊሞት ነው፤ እሱም ያውቃል፤ በረዶ መንገድ ዘግቶ
አልደረሰችም ልጁ።
ያዘኝ። እኔም ያዝኩት። አርባ ደቂቃ ሙሉ
ወሬ አላወራንም፤ ጫማዎች በኮሪደሩ ሄዱ፣ መጡ፣ ዋሉ።
አንዴ ብቻ ዓይኑን ሳይገልጥ
«መረቡ ከበደ» አለኝ።
«እሺ» አልኩት፤ ሳብኩለት።
ከሌሊቱ ስምንት ላይ ያ ገመድ ለቀቀኝ።

ወጣሁ ሳልታጠብ፤ መስኮቱ ሥር ቆምኩኝ፤
ሙቀቱ መዳፌ ውስጥ ገና አልበረደም ነበር።
ካርዷ ጻፈች፦ «አልጋ ሰባት። ያመለጠ፦ አንድ።»
እውነትሽን ነው፣ እቴ፤
አንድ አመለጠ።

ልጠላት ፈልጌ ነበር፤ ጥላቻዬም ደርሶ፣
እንደ ጥሩ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ አፌ ድረስ ተመልሶ።
ግን ያኔውኑ ደወል ሆነ ከአሥራ አንደኛው አልጋ፤
ሪትቫ ናት፤ ነጭ የደም ሴል የሌላት፣
በአንገቷ ቱቦ የገባላት፣
ጉንፋን ለሷ ጦር የሆነባት።
ሮጥኩ። ዓይኔ ጭጋግ ነው። እጄን ዘረጋሁ፤
ከቱቦው አፍ ስንዝር ሲቀረኝ
ቀይ በራች፤
ጮኸች።

ራይሞ ወንበር ላይ አንቀላፍቷል፤ ኮሪደሩ ባዶ፤
ከሷ በቀር ያየኝ የለም።
እጄ አየር ላይ ቀረ፣ እንደ ሌባ፣ እንደ ልጅ።

ተመለስኩ። ጫንኩት። ሁለቴ። ሦስቴ።
ታውኖን ከመዳፌ አጠብኩት፦
ከአውራ ጣት ሥር፣ ከጥፍር ዳር፣ ከትልሙ ውስጥ፣
የዓሣ አጥማጁን ሙቀት
በሠላሳ ሰከንድ።
አቃጠለኝ።
አረንጓዴ በራች። አላመሰገንኳትም።

ቱቦውን አስተካከልኩ፤ ትራሷን ገለበጥኩ፤
ሪትቫ ነቃ አለችና ክንዷን ሰበሰበች፦
«ልጄ፣ እጅሽ እንዴት ይበርዳል!»

«ታጥቤ ነው» አልኳት።