ያልታጠበው ብርድ ልብስ

የመጀመሪያው ካርቶን በባጃጅ ነው የመጣ፣
በገመድ ተጠፍሮ፣ ሆዱ እንደ እርጉዝ ተነፍቶ፤
በሰማያዊ እስክሪብቶ «ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ፣ ለሉባባ ኢብሬ»፤
የዘምዘም እጅ ነው፤ «ሉ»ዋ ሁልጊዜ ዘመም ትላለች።

በሌላ ቤት እንግዳ ሲመጣ ቢላ ለበግ ይሳላል፤
እኛ የሳልነው ለፕላስተሩ ነው።
እናቴ «ቢስሚላህ» ብላ ቀደደችው፤
ከዕቃው ቀድሞ ሽታው ወጣ፣
ማንም ቁጭ በል ሳይለው ቤቱን ዞሮ ተቀመጠ።

ምን ምን ይላል ብትሉኝ፣
ያልተፈታ ሳሙና፣ ኦሞ፣ የዱቄት ወተት፣
ናፍታሊን፣ ተምር፣ የአዲስ ጫማ ማስቲሽ፤
ከነዚህ ሥር ደግሞ ስም ያጣሁለት፣
ፀሐይ ያልነካው፣ ቀዝቀዝ ያለ ነገር፣
መስኮት የሌለው ክፍል ሲተነፍስ የሚመስል።
እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፤ «የሀብት ሽታ» አልኩት።
ጎረቤታችን አያ ጦልሃ «ሳል ያመጣል» ብሎ
አፍንጫውን በሽርጡ ጫፍ ያዘ፤
ተምሩን ግን ወሰደ።

ሳሙናው ለሰፈሩ ተበተነ፣ አንድ አንድ ለየቤቱ፤
ለአሰገደች ሁለት፣
የፓስፖርቱን ብር ያበደረች እሷ ናትና።
ብርድ ልብሱን ግን፣ ያን ባለ ነብሩን፣
እናቴ ለማንም አላስነካችም።
ኮምቦልቻ ቆላ ናት፤ እንዲህ ያለው የሚያምረው
ሐረጎን ወጥቶ፣ ደሴ፣ ጦሳ ሥር ለሚያድር ነው።
ነገሩ መቼ ብርድ ሆነና!
«ከታጠበ ይሄዳል» አለች፤ «ልጄን ልጄን ይላል።»
ወደ ላስቲኩ መልሳ፣ ዚፑን ዘግታ፣
ቁም ሳጥኑ ላይ አወጣችው።

ሰባት ዓመት።
ያ ክፉ ጥቅምት መጥቶ ሰው ሁሉ ሲሸሽ
ዱቄቱን ትታ እሱን አዘለች።
አንዳንድ ሌሊት የዚፑ ድምፅ ይቀሰቅሰኛል፤
ጣት ታህል ከፍታ፣ አፍንጫዋን አስጠግታ፣
አንዴ ስባ ቶሎ ትዘጋለች፣
እንደ ስኳር፣ እንዳያልቅባት።

ዘምዘም በታኅሣሥ መጣች።
ካርቶን የለ፣ ገመድ የለ፤
ከእስር ቤት ወደ አውሮፕላን፣ ካውሮፕላን ወደ አውቶቡስ፤
በእጇ አንድ ፌስታል፣ በፌስታሉ ነጠላ ጫማ።
አቀፍኳት። ያን ሽታ ፈለግኩባት፤
በረኪና ብቻ አገኘሁ፣ ከመዳፏ ቆዳ የገባ።

ማታ እናቴ ወንበር ላይ ወጣች።
ነብሩ ወረደ፤ ዚፑ እስከ ጫፉ ተከፈተ።
«ያንቺው ነው፤ ውኃ አላስነካሁትም፤ ልበሽው፣ የኔ ዓለም»
ብላ ጉልበቷ ላይ ጣል ስታደርግላት
ዘምዘም ብድግ አለች።
ግድግዳውን ተደግፋ፣ አፏን በሻሿ ይዛ፣
«እማ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ይሄን አውጪልኝ።
የምተኛው እኮ ስቶር ነበር፤
በሳሙናው ካርቶንና በወተቱ ካርቶን መሃል።
ቁልፉ በውጭ በኩል ነው።»

እናቴ እንደያዘችው ቆማ ቀረች፣
ሰባት ዓመት የሳመችውን።

ሽቦ ላይ ያሰጣሁት እኔ ነኝ።
አላጠብነውም፤ ነፋስ ይጠበው አልን።
የቦርከና ጭቃ፣ የቆዳ ፋብሪካው፣ የከባድ መኪና ናፍጣ፣
ሲመሽ ከቢራ ፋብሪካው የሚነሳው የብቅል እንፋሎት፣
ስንረግመው የኖርነው ግማት ሁሉ
እየመጣ አደረበት።

በሦስተኛው ቀን ዘምዘም ደጅ ወጣች፤
የነብሩን እግር ይዛ ወደ ፊቷ አስጠጋችው።
«ብቅል» አለች።
ከዚያ ማታ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

እስካሁን አልለበሰችውም።
እናቴ ደግሞ ባዶውን ላስቲክ
አጣጥፋ ከፍራሿ ሥር አኑራዋለች።
ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፤
ሌሊት ግን ያ ዚፕ፣ አንዳንዴ፣ ይሰማኛል።