አሥራ ሁለት ግመል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልት ካለቀበት፣
ብሎክ አርባ ሰባት፣ ጭቃ ከከበበት፣
ታብሌት በደረቴ፣ ባጅ ባንገቴ አስሬ፣
ስንቱን በር አንኳኳሁ፣ ሰው ልቆጥር ዞሬ።

አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ምሕረተአብ የሚሉት
ጎረምሳ፣ በረንዳው ጥግ፣ ጥርሱን ሲፍቅ አገኘሁት።
«የቤት እንስሳ አለህ?» ብዬ ስጠይቀው፣
«አሥራ ሁለት ግመል» አለ፣ ሳቁን እየደበቀው።
«የት ነው የሚያድሩት?»
«መኝታ ቤት። ግልገሎቹ ሳሎን።»
ታብሌቱ ቀልድ አያውቅም፣ ሣጥኑ ቁጥር ይሻል፤
አሥራ ሁለት ስነካ፣ ቀጣዩ ገጽ ይመጣል።

ሦስተኛ ፎቅ አስካለ፣ በሯን ገርበብ አርጋ ቆማ፣
«ሁለት ነን» አለችኝ፣ አከራይ እንዳይሰማ፤
ከደጃፏ ግን አለ፣ የሰባት ሰው ጫማ።
አንዱ የሕፃን ነው። ጭቃው ገና አልደረቀም።
«ጫማው የማነው?» የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ የለም።

ምድር ቤት፣ አቶ ጥጋቡ ጋ ወርጄ ስዘልቅ፣
«በቀን ስንቴ ይበላል?» ብዬ ስጠይቅ፣
ጋቢውን ሰብስቦ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣
«ሦስቴ» አለኝ፣ «ሲመች አራቴ»፣ ዓይኑን ግን ሸሽጎ።
ምድጃው ላይ ድመት ተጠቅልላ ተኝታለች።

ጎረቤቱ ሉባባ፣ የርዳታ ስንዴ የመጣ መስሏት፣
«እህል ከቀመስን ሦስት ቀናችን» አለች፣ ቁሌቱ እያረረባት።
ሦስትና ዜሮ ተደምሮ፣ ሲካፈል ለሁለት፣
አንድ ተኩል ወጣ፤ ማንም ያልበላው ራት።

ከሰዓት ዝናብ ጣለ፤ ስምንት ቤት ይቀረኛል።
አበሉ በቤት ቁጥር ነው፤ ቤት ከቀረ ይቀርብኛል።
ባጃጅ ውስጥ፣ ሸራው ሥር፣ ያለ ብሎኬት፣ ያለ ሲሚንቶ፣
ስምንት ቤት አቆምኩ፤ አባወራው ገባ፣ ልጅና በግ ነድቶ።
ለአንዱ የአባቴን ስም፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሰጠሁት፤
«ጤናዎ እንዴት ነው?» ለሚለው፣ «ደኅና» ብዬ መለስኩለት።

ሐምሌ ላይ ውጤቱ በአዳራሽ ታየ፣ ግድግዳው ላይ በርቶ፣
ሰማያዊ ክብ፣ ቢጫ ክብ፣ ሁሉም በነጥብ ተሰልቶ።
«ነዋሪው በከፊል አርብቶ አደር ነው» አለ አንድ ባለ ከረባት፣
«ለግመሎቹ የውሃ ገንዳ ይሠራላቸው በፍጥነት።»
ተጨበጨበ።
ብሎክ አርባ ሰባት የቧንቧ ውሃ ካየ ግን ወር አልፎታል።

የመጨረሻው ቅጽ የኔ ነው፤ አንድ ጥያቄ ብቻ አለው፦
«ሁሉንም ቤት በአካል ሄደህ አይተሃል?» የሚለው።
«አዎ»ን ነካሁ።
ጫማዬን ጎንበስ ብሎ ያየ የለም።