ባለ ሁለት ዐይኑ

ከኦሎሞውትስ ባቡር ፕሼሮቭ ላይ ወርጄ፣
ሰው ሠራሽ ጥርስ ከምሞርድበት ቤት አንድ ቀን አስፈቅጄ፣
አድራሻውን በጓንቴ ውስጥ ጨምድጄ፣
ኅዳር ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው
የኦታካርን በር አንኳኳሁ፤
«ማን ነሽ?» ያለኝ መጀመሪያ ውሻው ነው።

ዕቃው ወጥ ቤት ነበር፣ ከድንች ልጣጭ አጠገብ፣
ጋዜጣ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ምንም ሳይደርብ፤
ግራጫ ቆዳው ጥጉ ላይ ተልጦ፣
አንዱ ዐይኑ በሌላው ዐይኑ ራስ ላይ ተቀምጦ፤
የላዩ ለማየት፣
የታቹ ለማስቀረት።
«ፍሌክሳሬት» አለኝ፣ ሳል እያቋረጠው፣
«እዚሁ ከተማ ነው የተወለደው።
እኔም ሠላሳ ዓመት እዚያው ፋብሪካ
ብርጭቆ ሳለሰልስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤
ይኼኛው በእጄ ይለፍ አይለፍ ግን
ብምል ይቆጥረኛል፣ አላውቅም» አለኝ።

ሻጭ ያሞግሳል፣ ገዢ ያጣጥላል፤ የገበያ ወግ ነው፤
ሌንሱን ወደ መስኮቱ አነሣሁ፣
እንደ በሽተኛ መንጋጋ ጥግ ጥጉን አየሁ፤
ከጠጉር የቀጠነች የሻጋታ ክር
ጠርዙ ላይ ተጋድማለች፣ እንደ ሸረሪት ድር።
«ይህስ?» አልኩ።
«ዕድሜ ነው። ለዕድሜ ሦስት መቶ እቀንሳለሁ።»

ከዚያ መዝጊያውን በጆሮዬ ፈተንኩ።
ባምስት መቶኛው፦ ጠቅ፣ የቁንጫ ዝላይ።
በሠላሳኛው፦ ደኅና ነው።
ባንድ ሰከንዱ ግን ተከፍቶ ቀረ፣
ስም እንደ ጠፋበት ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ።
«ሰንፏል» አልኩት፤
ልቤ ሌላ አምስት መቶ መቀነስ ጀመረ።

ኦታካር አልተከራከረኝም። ካሜራውን አንሥቶ
ከሹራቡ ሥር፣ ብብቱ ውስጥ ከትቶ፣
እንደ ታመመ ጫጩት አቅፎት ተቀመጠ፤
ባልታሰረው እጁ፣ በክርኑ እየደገፈ፣
ድንቹን ላጠ።
«ሰነፍ አይደለም፤ በርዶታል» አለ ቆይቶ፤
«ዘይቱ ነው የሚረጋ።
እኔንም ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ያደርገኛል፣ እስኪነጋ።»
ሦስተኛው ድንች ሲያልቅ አውጥቶ ተጫነው፤
ተከፈተ፤ አንድ ሰከንድ ሙሉ ኖረ፤ ተዘጋ።
«ለዚህች ሰከንድ አምስት ሳንቲም አልቀንስም።»
እኔም ወይ አላልኩም።

ክዳኑን ከፍቼ ደረቴ ላይ አስደገፍኩት፤
ቀና ብለው አያዩበትም ይህን፤
ሰው ለማየት ለሰው ማጎንበስ ነው ሕጉ።
በደብዛዛው መስተዋት ውስጥ ኦታካር ቆሟል፣
ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኗል፤
ወደ ምድጃው ሲራመድ ወደ መስኮቱ ይሸሻል፣
ስከተለው ያመልጠኛል።
«መጀመሪያ ሁሉም በተቃራኒው ያሳድዳል» አለ ስቆ፣
«እጅ ይማራል፣ ከጭንቅላት ቀድሞ ዐውቆ።»

ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ኮሩና ቆጠርኩለት፤
በእርጥብ እጁ ስኳር ጣሳ ውስጥ ከተተው።
ጫማዬን ሳስር፣ «ቆዪ» አለ።
ኮት ደረበ። የአንገትጌውን ቁልፍ ቆለፈ፤
የቀረችውን ጠጉር በውኃ አርጥቦ ወደ ጎን አሳለፈ፤
ከበሩ ፊት፣
ውሻውን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ ቆመ።

ፊልም የለውም።
እኔ ዐውቃለሁ። እሱም ያውቃል፤
ሆዱን ከፍቶ ባዶውን ማጠንጠኛ ያሳየኝ እሱ ነው።
ግን ቆሟል።
ትንፋሹን ይዟል።
አጎነበስኩ። መዘውሩን አዞርኩ።
ያቺኑ አንድ ሰከንድ መረጥኩ።

ተከፈተ

ተዘጋ።

«ትልኪልኛለሽ።»
«እልካለሁ።»
«አትቸኩዪ፣ የትም አልሄድ» አለ፣
ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፣
በነጠላ ጫማ እስከ አጥሩ ሸኘኝ በረዶው ላይ።

ማታ ኦሎሞውትስ ጥቅል ፊልም ስገዛ
ሻጯ፣ «አሥራ ሁለት ያነሣል» አለች፤
«አንዱ ተነሥቷል» አልኳት፣
«አሥራ አንድ ነው የቀረኝ።»
ያልሰማች መስላ መልሴን ቆጠረች።