ሆድ ያባውን

«ከማታ ጀምሮ እህል አይቅመሱ፣
ስድስት ብርጭቆ ውሃ ጠጥተው ይድረሱ፣
ሽንት ቤት እንዳይሄዱ» ይላል ወረቀቱ፤
የሲስተር ዘቢደር ፊደል ነው፣ ያዘነበለ አንገቱ።

ጾም ብርቄ አይደለም፤ አርባ ሁዳዴ ቆጥሬአለሁ፣
እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምራቄን ውጬ ውዬአለሁ፤
ግን እህል ከልክሎ ውሃ ጠጪ የሚል ጾም
ከሰላ ድንጋይ እስከ ደብረ ብርሃን የሰማ አይገኝም።

ጠባሴ አደርኩ፣ ከእህቴ ልጅ ከጥሩአየር ቤት።
አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት፣
ቧንቧው በረዶ ነክሶ፣ በፈላ ውሃ ቀስቅሳው፣
የመጀመሪያው ብርጭቆ ጥርሴን እስከ ሥሩ ወጋው።
ሁለተኛውን ስለ ማርያም፣
ሦስተኛውን ስለ ሟች ባሌ፤
አራተኛው ስለ ማንም አልወርድ አለ።

ባጃጁ በኮብልስቶኑ ላይ ሲዘል፣ ሲያነጥረኝ፣
«ቀስ በል ልጄ፣ ሞልቻለሁ» ብለው፣
«በሽልም ያውጣዎት እማማ» አለና
ሽበቴን አይቶ ሳቀብኝ።

ተራዬ አሥራ ሰባት። ሰባተኛው ገብቶ ሳይወጣ መብራት ሄደ።
አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ጉልበቱን ገጥሞ ተዋደደ።
ከሞላሌ የመጡ አንድ አዛውንት፣ አቶ ሸዋቀና፣
«ደረቅ ነገር አስቢ» አሉኝ፣ «ውሃን አታንሺና።»
የበጋ አውድማ አሰብኩ፣ የገብስ ገለባ፣ የጀማን ገደል አቧራ፣
የባሌን እህት ሰላምታ፤
ከሁሉ የደረቀው እሱ ነው፣ አንድ ሰዓት ያህል ሠራ።

ለልጄ አልነገርኩትም። «ገበያ ነኝ» ነው ያልኩት።
ከቀኝ ጎድኔ ሥር የሚቆነጥጠኝን
ከጥቅምት ጀምሮ ደበቅኩት።
ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር ድሮ፤
ዛሬ ውሃ ሆነ፣ በብርጭቆ ተሰፍሮ።

መብራቱ መጣ። «አሥራ ሰባት!»
ተንጋለልኩ። ቅባቱ ከጠዋቱ ውርጭ የባሰ ነው።
«አየር ይሳቡ። ይያዙ።»
እኔ ሁሉንም ነው የያዝኩት፤
አየሩን፣ ውሃውን፣ ነገሩን።

አንገቴን ዘወር ባደርግ፣ መስታወቱ ላይ ጉም፣
ግራጫ፣ የሚንፏቀቅ፣ የጣርማበርን አፋፍ የመሰለ፣
አውቶቡሱ መብራቱን አብርቶ፣
ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ
ገደሉን ከመንገዱ የሚለይበት ጠዋት።
ዶክተሩም እንደዚያ ዝም አለ፤
እጁ ቆም፣ ቀስ፣ ደግሞ ቆም አለ።
እኔም ተሳፋሪ ነኝና አልጠየቅኩም፤
በጉም ውስጥ ሾፌር አያነጋግሩም።