ቢያድግልኝ

ሜትሬን ይዤ መጣሁ፣ ከባሕር ዳር በጀልባ፣
ዘጌ ላይ ልለካ፣ የሽማግሌ ዝግባ።
አራት ክረምት ጠጥቶ፣ አራት በጋ ታግሶ፣
ከጉልበቴ አላለፈም፣ የዋንዛ ጥላ ለብሶ።

የጎረቤታቸው ባሕር ዛፍ፣ በተተከለ በአምስቱ፣
አጣና ሆኖ ተሸጦ፣ ቆርቆሮ ለበሰ ቤቱ።
«እርስዎስ?» አልኩ።

«ይሄ ልጅ ፀሐይ አይችልም፣ ገና ነው፤ ዐይኑ አልጠናም፣
ጥላም ሲበዛበት ደግሞ፣ ይታፈናል እንጂ አይቀናም።
ስለዚህ በዓመት በዓመት፣ ከዋንዛው አንዲት ቅርንጫፍ
ቆርጬ፣ ብርሃን አጎርሰዋለሁ፤ ጉርሻው እንዳይበልጥ ከአፍ።

ድሮ ግንቦት ሲያጋምስ፣ ሰማዩ ራሱ ያጠጣ ነበር፤
ዘንድሮ ሰኔም ሊያልቅ፣ አፈሩ እንደ ሸክላ ሲሰበር፣
እምቦጩን በእጄ ገልጬ፣ ከጣና በጄሪካን አመላለስኩ፤
ሐምሌ ደግሞ በአንድ ሌሊት ዶፍ፣ ሥሩ ተገልጦ ባየው፣
ወጥቼ በባትሪ፣ አፈር አለበስኩ።»

«ሲደርስ እርስዎ የት ነዎት?» አልኩ፤ አፌን በቆረጠው።
ሳቁ፤ ከቅጠሉ ላይ ትል፣ አንስተው ጣሉ አርቀው።

«እናቴ ሦስት ቀብራ ነው፣ እኔን የወለደች፤
ስም ስታወጣልኝ፣ መሬት መሬት እያየች፣
አፏ የደፈረው እስከዚያ ብቻ ነበር» አሉ፤
ጄሪካናቸውን አንስተው ወደ ሐይቁ ወረዱ።

ስመለስ ቅጹን አወጣሁ። «ዕድገት» በሚለው ሥር፣
ሠላሳ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር።
«አስተያየት» በሚለው፣ ሞተሩ እያንቀጠቀጠኝ፣
የሽማግሌውን ስም ጻፍኩ፦
ቢያድግልኝ።